ባቡሩን የምታስነሣ አውራ ጣት

የልጅ ልጄ ሳያት ሥራ አገኘሁ ብላ ስትነግረኝ ደስታዬ የቆየው ቦታውን እስክትጠራልኝ ድረስ ብቻ ነበር።

«ድሬዳዋ ነው እማማ።»

«ሀዋሳ ሥራ ጠፋ? ይኸው ዩኒቨርሲቲው፣ ይኸው ባንኩ በየመንገዱ ተደርድሮ!»

«ተወዳድሬ አልፌ እኮ ነው! ደስ አይበልሽ?»

«ደስ ብሎኛል። በምንድን ነው የምትሄጂው?»

«እስከ አዳማ በመኪና፣ ከዚያ በባቡር።»

«በባቡር?» አልኩ። እናቷ ሮማን ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። የኔን ድምፅ ስለምታውቀው «እማዬ ጀመራት» አለችና ተመልሳ ገባች።

እውነቷን ነው። ታቦር ሰፈር ውስጥ እንደኔ የሚጨነቅ ሰው የለም ይላሉ። ሳያት ከጓደኞቿ ጋር አሞራ ገደል ዓሣ ልትበላ ስትሄድ እንኳ፣ አጥንቱን እንድታወጣ ለመንገር ስልክ እደውላለሁ። ባጃጅ ከበር ሲቆም የሾፌሩን ፊት አያለሁ፤ ፊቱን ካልወደድኩት «ስልክሽን ረስተሻል» ብዬ እመልሳታለሁ። ይህ አመል የእናቴ ነው። እናቴን ግን፣ ልጅ ሳለሁ፣ የማትወደኝ ይመስለኝ ነበር።

በንጉሡ ዘመን ነው፤ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አዲስ አበባ፣ ከለገሃር ብዙም በማትርቅ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ እኔ ብርቅዬ፣ አባቴ ገብረየስና እናቴ ብዙአየሁ እንኖር ነበር። ብቸኛ ልጃቸው ነኝ። የምተኛው ከእናቴ ጋር፣ እግሬን ጭኖቿ መሃል ሸጉጬ ነበር።

ከዚያ በድንገት እናቴ ተለወጠችብኝ። ከአልጋዋ አወጣችኝና ለብቻዬ መደብ ላይ አስተኛችኝ። ፀጉሬን መሥራት ትታ ለጎረቤት ሰጠችኝ። አንድ ቀን እሷ የጠጣችበትን ኩባያ አንሥቼ ልጠጣ ስል እጄን በኃይል መታችው፤ ኩባያው ወድቆ እጀታው ተሰበረ። ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም። ስጠጋት ነጠላዋን ወደ አፏ ታነሣና «ወዲያ ሂጂ፣ ወዲያ በይ!» ትለኛለች። የተሰበረውን ኩባያ ለብቻው አስቀመጠችው፤ እኔ የነካሁት ስለሆነ የተጸየፈችው መሰለኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዋ ተነጥፏል፣ እሷ የለችም።

«ሐኪም ቤት ናት» አለኝ አባቴ።

ሐኪም ቤት ሄጄ አውቃለሁ። ይወጉሻል፣ ታለቅሻለሽ፣ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ። እናቴ ግን ቀኑ ቢነጉድም አልመጣችም። እንግዲህ መምጣት ያልፈለገችው እኔ ስላለሁ ነው አልኩ በልቤ። ይባስ ብሎ አባቴ «ድሬዳዋ አክስትሽ ጋ ወስጄሽ ትቆያለሽ» አለኝ።

ለገሃር የደረስነው በጠዋት ነው። ጣቢያው የከሰል ጭስ፣ የዘይትና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። አባቴ የሚሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበር፤ ለሰርግ ብቻ የሚለብሳትን ካፖርት ለብሷል። በግራ ኪሱ ማኅተም የሚጠቀስበት ሐምራዊ ቀለም ያለባት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ፣ በቀኝ ኪሱ አንድ ጥቅል ፖስትካርድ ይዟል። ካርዶቹ ሁሉ ላይ ያለው ሥዕል አንድ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ዋልያ። ሱቁ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ኖሯል።

ሦስተኛ ማዕረግ ገብተን የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን ሀዋ የምትባል የድሬዳዋ ሴት ተቀመጠች። ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«አንቺ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? አባትሽ አያበላሽም?» አለችኝ ገና ሳልደላደል።

አፈርኩ።

«ግድ የለም፤ እኔም ይኸው ስሄድ ቀጭን ነኝ። ስመለስ ብታዪኝ አታውቂኝም። በዚህ በር የማልገባ ወፍራም ሆኜ ነው የምመለሰው!»

በዙሪያችን ያለው መንገደኛ ሁሉ ሳቀ። አባቴም ከብዙ ቀን በኋላ ጥርሱ ታየ። እኔ የድሬዳዋ ምግብ እንዴት ቢጣፍጥ ነው ብዬ ተገረምኩ። ሀዋ ጨርቁን ከቀሚሷ ሥር ጠምጥማ ፍተሻ እንደምታልፍ የገባኝ ራሴ ልጆች ወልጄ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ቢሾፍቱ ላይ ባቡሩ ሲቆም አባቴ ካርድ አወጣ፤ ቆርቆሮዋን ከፈተና የቀኝ አውራ ጣቴን ያዘ።

«ምንድን ነው?» ብዬ እጄን ሰበሰብኩ።

«ፈርሚ።»

«ለምን?»

ባቡሩ እንዳይሄድበት ቸኩሏል። «አንቺ ካልፈረምሽ ባቡሩ አይንቀሳቀስማ!»

ፊርማ ማለት ጣት መሆኑን አውቃለሁ። እናቴ እድር ላይ እንዲህ ስትፈርም አይቻለሁ፤ ጸሐፊው ጣቷን ይዞ ቀለሙ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። ስለዚህ ጣቴን ሰጠሁት። አባቴ ካርዱን ይዞ ዘሎ ወረደ፣ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ባለው ሣጥን ቀዳዳ ከተተው፣ ሮጦ ተመለሰ። ገና አንድ እግሩ መሰላሉ ላይ ሳለ ባቡሩ ጮኸና ተንቀሳቀሰ።

አየሁ። እውነቱን ነው።

ሞጆ ላይ ፈረምኩ፤ ተንቀሳቀሰ። ናዝሬት ላይ ፈረምኩ፤ ሸንኮራና የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡት ሴቶች በመስኮት እየተንጠራሩ ሳሉ ተንቀሳቀሰ። ኮራሁ። ይህ ሁሉ ሰው፣ ዶሮው፣ ሻንጣው፣ ከፊት በአንደኛ ማዕረግ የተቀመጡት ባለ ባርኔጣ ሰዎች ሳይቀሩ፣ የሚሄዱት በኔ ጣት ነው። መተሐራ ላይ መሬቱ እንደተቃጠለ ቂጣ ጠቁሮ ሲታየኝ ፈርቼ ራሴ «አባዬ፣ ቶሎ ልፈርምና እንሂድ» አልኩት። ሀዋ በሳቅ ፈረሰች።

«ይቺ ልጅ የባቡሩ ሹም ናት እንዴ?»

የአዋሽን ድልድይ ስንሻገር አባቴ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወገቤን እስኪያመኝ ያዘኝ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከድልድዩ ወዲያ ሙቀቱ ከበደ፣ ሰዉ ማንቀላፋት ጀመረ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ እንጂ አልተኛሁም። ሀዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰማሁ።

«እናቷስ?»

«አስተኝተዋታል» አለ አባቴ።

«ደረቷን ነው?»

«ደረቷን።»

«ውይ! ታዲያ ልጅቱን እንዴት ጨክና ለቀቀቻት?»

«ራሷ ናት አርቅልኝ ያለችኝ። አጠገቤ እንዳላያት ብላ አስማለችኝ።»

«አስማለችህ?»

«በእናቴ መቃብር።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ጆሮዬ ውስጥ የባቡሩ ጎማ ብቻ ቀረ። እንግዲህ እውነት ነው ማለት ነው። እናቴ አስምላ ነው ያባረረችኝ። እንባዬ በአባቴ ካፖርት ላይ ወረደ፤ እሱ ላብ መስሎት በመሐረብ ጠረገልኝ።

ልጅ ግን ተስፋ አይቆርጥም። እዚያው ዓይኔን እንደጨፈንኩ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ድሬዳዋ ደርሼ እንደ ሀዋ እወፍራለሁ። ፀጉሬን ራሴ መሥራት እማራለሁ። የሰው ኩባያ አልነካም። ከዚያ በዚሁ ባቡር ስመለስ እናቴ አይታ «ይቺ ደህና ልጅ ናት» ትለኛለች። ይህ እንዲሆን ግን ባቡሩ የትም ቦታ ቆሞ መቅረት የለበትም።

ሚኤሶ ላይ ቆሞ ቀረ።

አባቴ ጣቴን አስፈርሞኝ ካርዱን በእጁ ይዞ ሳለ አንድ የሚያውቀው ሰው ጠራው፤ ሲያወሩ ቆይተው ሰውየው ሄደ። አባቴ ካርዱን ኪሱ ሸጎጠና ተቀመጠ። ብዙ ሌሊት ሳይተኛ ከርሟል መሰለኝ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ጠበቅሁ። ባቡሩ አይጮኽም። የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች በመስኮት አልፈው ሄደው እንደገና ተመለሱ። መንገደኛው ያጉረመርማል። ከፊት የሚመጣ ባቡር እስኪያልፍ እየጠበቅን መሆኑን፣ ሐዲዱ አንድ ብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነው። የካርዱ ጫፍ ከአባቴ ኪስ ወጥቶ ዋልያው በአንድ ዓይኑ ያየኛል።

ስቤ አወጣሁትና ወረድኩ።

መሬቱ በጫማዬ ውስጥ ያቃጥላል። የጣቢያው ሣጥን ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ብዘል፣ ብንጠራራ፣ አልደርስበትም። ሰው ላስቸግር ብል ማንን? ዞር ስል ከጣቢያው አጥር ሥር፣ ግራር ጥላ ውስጥ፣ ሌላ ሣጥን አየሁ። አጭር ነው፣ ልክ የኔ ቁመት። ከላዩ የተቀዳደደ ጥላ ተዘርግቶለታል፤ ፊቱ ላይ የገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል። አንዲት ሴት ሳንቲም ከተተችና ሣጥኑን ስማ ሄደች።

ምን ዓይነት ሣጥን እንደሆነ አላጣሁትም። እናቴም እንዲህ ያለው ሣጥን ውስጥ ሳንቲም ስትከት «ይድረስልኝ» ትል ነበር። ከላይ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ሁሉ ሥራው አንድ ነው፤ የከተቱትን ያደርሳል። ካርዱን ከተትኩ። እንደ ሴትዮዋ ግንባሬን አስነክቼ ሳምኩት። «ይድረስልኝ» አልኩ።

በዚያች ቅጽበት ከወዲያ በኩል ሌላ ባቡር እያጓራ መጥቶ አለፈ፤ የኛም ጮኸ።

ሮጥኩ። በሩ ከኔ ጋር እኩል መሄድ ጀመረ፣ ከዚያ ቀደመኝ። አንድ ክንድ ብብቴ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ሲያነሣኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ሀዋ ናት። መሰላሉ ላይ አስቀምጣ በመጀመሪያ በጥፊ አለችኝ፣ ከዚያ አቅፋ ሳመችኝ፣ ከዚያ እንደገና ልትመታኝ ቃጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው የወረድሽው? አባትሽን ልትገድዪ?»

«ባቡሩን ላስነሣ!»

አባቴ በጫጫታው ነቅቶ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ነገሩን ስነግረው ኪሱን ዳበሰ። ካርዱ የለም።

«ሣጥኑ ውስጥ ከተትሽው?»

«አዎ። ስሜ ከተትኩት።»

«ፖስታ ሣጥን ሳመች!» ብላ ሀዋ ጭኗን መታች። አባቴ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የትኛው ሣጥን ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ድሬዳዋ ከአክስቴ ጋር ከዓመት በላይ ቆየሁ። እንደ ሀዋ አልወፈርኩም። ፀጉሬን ግን መሥራት ተማርኩ፤ ጠማማም ቢሆን። አንድ ቀን አባቴ መጥቶ ወሰደኝ፤ ስንመለስ ባቡሩ ያለ ፊርማዬ ስለሄደ ቅር አለኝ። ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች፣ ወፍራለች፣ ነጠላዋ አፏ ላይ የለም። «ነይ» አለችኝ። አልሄድኩም። ወዲያ በይ እስክትለኝ ጠበቅሁ። እሷ ራሷ መጥታ ተንበረከከችና ቀኝ እጄን ይዛ አውራ ጣቴን አየችው፣ አገላብጣ አየችው። «አድጋለች!» ብላ ጮኸች። ጣቴን አፏ ውስጥ ከታ የምትበላው እስኪመስለኝ ሳመችው። እኔ ለምን እኔን ትታ ጣቴን እንደምትስም ግራ ገባኝ።

የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። አግብቼ ሀዋሳ ከመጣሁ በኋላ እናቴም መጥታ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። ሮማንን ላስከትብ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ሄደን ወረፋ ይዘናል። ሮማን መርፌውን ገና ስታየው ግቢውን በጩኸት አናወጠችው።

«በኔ ወጥታ ነው» አለች እናቴ። «እኔም መርፌ እምቢ ብዬ ነበር።»

«መቼ?»

«አንቺ ድሬዳዋ ሳለሽ።»

ሕመሟ የሳንባ ነቀርሳ እንደነበር ያን ጊዜ አውቃለሁ፤ ኩባያውም፣ አልጋውም፣ ነጠላውም ገብቶኛል። ስለ ካርዶቹ ግን አንሥተን አናውቅም። አባቴም ከሞተ ቆይቷል።

«ጣትሽን ላክልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ፊደል አልቆጠርኩ፤ ደብዳቤ ቢጽፍልኝ የሰው አፍ ነው የሚያነብልኝ። ነርሷ እንዳልደነግጥ ብላ ትዋሸኝ ይሆናል። ጣት ግን አይዋሽም። ባቡር ልጅ ይጥላል ሲሉ ሰምቼ ነበር። በቆመበት ሁሉ፣ አሁንም ከእኔ ጋር ናት፣ አሁንም አለች በለኝ አልኩት።»

ካርዶቹን አልጋዋ ራስጌ ግድግዳው ላይ ለጥፋቸው ነበር። በክፍሉ ውስጥ ስሟ የዋልያዋ ሴትዮ ሆነ። የሚኤሶው ብቻ አልደረሰም። ጠበቀች፤ አልመጣም። ከአዋሽ ወዲያ ልጄ ምን ሆነች? አባቴ ተመልሶ ደህና ናት ብሎ ቢምልላትም አላመነችውም። ሕመምተኛን ሁሉም ሰው እንደሚዋሽ ታውቃለች። የድሬዳዋውንም ካርድ እያየች «ይህን ቀድሞ አስፈርሟት ቢሆንስ?» ትል ነበር።

«ታኅሣሥ ላይ» አለች እናቴ፣ «ጎኔ የነበረችው ሴት አረፈች። አልጋዋን ሲያጥቡት አየሁ። ከዚያ መርፌውን ተውኩት። ክንዴን ሸፍኜ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ለማን ብዬ? አልኩ።»

ሮማን አሁንም እያለቀሰች ነው። እናቴ ጀርባዋን እየደባበሰች ቀጠለች።

ያ ሣጥን ለካ የቁልቢ ገብርኤል ስለት መክተቻ ኖሯል። ቁልቢ መድረስ ያልቻለ መንገደኛ ስለቱን እዚያ ይከታል፤ የሚከፈተው በዓመት አንዴ፣ ለታኅሣሡ ንግሥ ሲቃረብ ነው። ከሳንቲሙ መሃል አንድ ዋልያ ሲወጣ ካህናቱ ምን እንዳሉ እንጃ። ብቻ ቴምብሩም አድራሻውም ስላለበት አንድ ደግ ሰው ወደ ትክክለኛው ሣጥን ወስዶ ከቶታል። ጥግ ላይ ባለው ባዶ ቦታ «ከገብርኤል ስለት ውስጥ የተገኘ» ብሎ ጽፎበታል። ነርሷ ስታነብላት እናቴ አልጋው ላይ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ሌሎቹ ቀለማቸው ደብዝዞ ነበር» አለችኝ። «ያቺ ጨለማ ውስጥ ስለከረመች ዛሬ የተጫንሽባት ትመስላለች። ሳንቲም ሳንቲም ትሸታለች። ልጄ ተስላልኛለች አልኩ። የሰባት ዓመት ልጅ፣ ምንም የላት፣ ጣቷን ተሳለችልኝ። ሸፍኜው የነበረውን ክንዴን አወጣሁ። ውጊኝ አልኳት።»

ስሟ ተጠርቶ ሮማንን ይዤ ገባሁ። መርፌውን ስትወጋ ከእሷ ይልቅ እኔ አለቀስኩ። ለእናቴ ግን ባቡሩን ላስነሣ ብዬ እንደከተትኩት አልነገርኳትም። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ተስዬም እንደሆን።

ሳያት ልትሄድ ቀናት ሲቀሩ ሐይቁ ዳር ካለች የጌጣጌጥ ሱቅ ፖስትካርድ ገዛሁ። ከድሮ የተረፉ ናቸው፤ ሁሉም ላይ የአሞራ ገደል አባ ኮዳ ወፍ፣ መላጣ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። ቴምብር ለጥፌ፣ በሮማን መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር አድራሻ ጽፌ ሰጠኋት።

«ባቡሩ በቆመበት ሁሉ አንድ አንድ ትልኪያለሽ።»

«እማማ፣ በቴሌግራም እኮ ፎቶ እልክልሻለሁ! እኔን ራሴን ታዪኛለሽ።»

«ፎቶው የትናንት ቢሆንስ?»

ለመሳቅ አፏን ከፍታ ፊቴን ስታይ ተወችው። ቁጭ ብላ «እሺ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለችኝ። ይህንኑ ነገርኳት።

ከአዳማ ደወለች። «እማማ፣ ይሄ አዲሱ ጣቢያ መስታወት በመስታወት ነው፤ ፖስታ ሣጥን የሚባል የለም! ለአንድ ባለ ባጃጅ ሰጥቼዋለሁ፣ ከተማ ገብቶ ይከትልኛል።»

«ፊቱን አየሽው?»

«አይቼዋለሁ እማማ። ደህና ፊት ነው።»

ካርዶቹ እያዘገሙ መጡ። ሮማን ሥራ ስለበዛባት እኔው ራሴ ፖስታ ቤት እየሄድኩ፣ ዮዲት የምትባለውን ሠራተኛ አስቸገርኩ። በመጨረሻ ከሩቅ ስታየኝ «እርስዎ አይቸኩሉ፣ አባ ኮዳው ደርሷል!» ማለት ጀመረች። የአዳማው መጣ፣ የመተሐራው፣ የአዋሹ፣ የድሬዳዋው። እያንዳንዱ ላይ በከንፈር ቀለም የታተመ አውራ ጣት አለ። መነጽሬን አድርጌ መስመሮቹን አያለሁ። የእናቴ ዓይን ነው ያለኝ፤ ጣቱ የሳያት መሆኑን አውቃለሁ።

የሚኤሶው ብቻ ቀረ።

ደወልኩላት። «የሚኤሶው የታለ?»

«ከትቼዋለሁ እኮ።»

«የት?»

ሳቋን በስልኩ ውስጥ ሰማሁ። «አልነግርሽም። እስከ ታኅሣሥ ጠብቂ።»

ስልኩን ዘግቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ገና ጥቅምት ነው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል፤ ከታች ባጃጆቹ ዳገቱን እያጓሩ ይወጣሉ፤ የአንዳቸውንም ሾፌር ፊት አላየሁም። ሮማን ከሥራ ስትመለስ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ አገኘችኝ። ገና ሳይመሽ፣ ልጅ መንገድ ወጥታ፣ እኔ ተኝቼ! ደንግጣ ትከሻዬን ነቀነቀችኝ።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ?»

«ምንም አልሆንኩም» አልኳት። «አንዲት ካርድ ገና መንገድ ላይ ናት።»